አረጋውያን አንገታቸው ላይ ያለውን የአደጋ ጥሪ ቁልፍ ለምን አይጫኑትም?

በእንግሊዟ የካምብሪጅ ከተማ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ከ90 ዓመት ያለፈ 110 አረጋውያንን ተመራማሪዎች ለአንድ ዓመት ተከታተሏቸው። በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ ከእነዚህ ሰዎች 60 በመቶ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ጊዜ ወድቀዋል። ከወደቁት መካከል 80 በመቶዎቹ ቢያንስ በአንዱ አጋጣሚ ያለ ሰው እርዳታ መነሳት አልቻሉም። 30 በመቶዎቹ ደግሞ አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ወለል ላይ ተኝተው ቆይተዋል።

በአውሮፓውያኑ 2008 በብሪታኒያ የሕክምና መጽሔት የታተመው ይህ ጥናት ከእነዚህ ቁጥሮች ይበልጥ አነጋጋሪ የሆነ ሌላ ግኝትም ነበረው። ከአረጋውያኑ ብዙዎቹ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ወይም ከግድግዳ ጋር የተያያዘ የአደጋ ጥሪ መሣሪያ ነበራቸው። ይሁንና ለረጅም ጊዜ ወለል ላይ በቆዩባቸው አብዛኞቹ አጋጣሚዎች መሣሪያውን አልተጠቀሙበትም።

ዕቃው ተገዝቷል፤ ተገጥሟል፤ ይሠራል። ነገር ግን በተፈለገበት ሰዓት ሥራ ላይ አልዋለም። ይህ ለምን ሆነ የሚለው ጥያቄ ዛሬ ከእንግሊዝ አልፎ የአፍሪካ ቀንድንና የምሥራቅ አፍሪካን ቤተሰቦችም ይመለከታል። ልጆቻቸው ወደ ከተማ ወይም ወደ ባሕር ማዶ የሄዱባቸው፣ በራሳቸው ቤት፣ በራሳቸው ደጅ መኖርን የሚመርጡ አረጋውያን በዚህም አካባቢ እየበዙ ነው።

ወለል ላይ የሚያልፈው ሰዓት

መውደቅ ለአረጋዊ ሰው አደገኛ የሚሆነው አጥንት ስለሚሰብር ብቻ አይደለም። መነሳት አቅቶት ለሰዓታት የተኛ ሰው ሰውነቱ ይቀዘቅዛል፤ በውሃ ጥም ይዳከማል፤ መሬት የያዘው ጎኑ ይቆስላል። በሰውነት ክብደት ለረጅም ጊዜ የተጨቆነ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚለቃቸው ንጥረ ነገሮች ኩላሊትን እስከ ማድከም ሊደርሱ ይችላሉ። የሳንባ ምችም ሊከተል ይችላል። በመሆኑም በመውደቅና እርዳታ በማግኘት መካከል ያለው ጊዜ ማጠሩ ወይም መርዘሙ ለሕይወት ወሳኝ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ 684 ሺህ ያህል ሰዎች በመውደቅ ምክንያት ሕይወታቸው ያልፋል። ከእነዚህ ውስጥ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚሞቱት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገራት ነው። በዕድሜ ሲታይ ደግሞ ሞት የሚያስከትል አወዳደቅ ይበልጥ የሚበዛው ከ60 ዓመት በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ ነው።

የአረጋውያን ቁጥርም እየጨመረ ነው። በ2020 ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆኑ የዓለም ሰዎች 1 ቢሊዮን ነበሩ። ይህ ቁጥር በ2030 ወደ 1.4 ቢሊዮን፣ በ2050 ደግሞ ወደ 2.1 ቢሊዮን እንደሚያድግ ድርጅቱ ይተነብያል። አፍሪካ የወጣቶች አህጉር ብትሆንም የአረጋውያኗ ቁጥር እየጨመረ ነው። በሌላ በኩል በቤት ውስጥ አብሯቸው የሚኖረው ሰው እየቀነሰ መጥቷል።

በኢትዮጵያ ልጅ "ጧሪ ቀባሪ" ነው ሲባል ኖሯል። አባባሉ ልጅ በአቅራቢያ እንደሚኖር ታሳቢ ያደርጋል። ዛሬ ግን ጧሪ የተባለው ልጅ በጅዳ፣ በቤሩት፣ በናይሮቢ ወይም በዋሽንግተን ሊሆን ይችላል። ገንዘብ ይልካል፤ ይደውላል። ሌሊት ግን እናቱ ወደ መጸዳጃ ቤት ሲሄዱ ክንዳቸውን የሚይዝ ሰው በቤቱ የለም። ቴክኖሎጂ እንዲሸፍን የሚጠበቅበት ክፍተት ይህ ነው።

መሣሪያዎቹ እንዴት ይሠራሉ?

የመጀመሪያዎቹ የአደጋ ጥሪ መሣሪያዎች በ1970ዎቹ በጀርመንና በአሜሪካ ሥራ ላይ መዋል ጀመሩ። አሠራራቸው ቀላል ነው። አረጋዊው አንገት ወይም አንጓ ላይ የሚታሰር ቁልፍ ይይዛሉ። ቁልፉ ሲጫን በቤቱ ውስጥ ያለው ሌላ መሣሪያ በስልክ መስመር ወደ ጥሪ ማዕከል ይደውላል። በማዕከሉ ያለው ሠራተኛ በድምፅ ማጉያው በኩል "ምን ሆኑ?" ብሎ ይጠይቃል፤ ከዚያም ጎረቤት፣ ቤተሰብ ወይም አምቡላንስ ይጠራል። ዛሬም ድረስ በስፋት ጥቅም ላይ የሚውለው ይኸው ዓይነት ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ምንም መጫን የማይጠይቅ ነው። ለዚህ የታወቀው ምሳሌ ከጃፓን የመጣው የውሃ ማፍያ ነው። በ1996 በቶኪዮ ኢኬቡኩሮ በተባለው አካባቢ አንዲት አረጋዊት እናትና ሕመምተኛ ልጃቸው በቤታቸው ሞተው የተገኙት አንድ ወር ያህል ዘግይቶ ነበር። ከዚህ አሳዛኝ ክስተት በኋላ ዞጂሩሺ የተባለው የቤት ዕቃ አምራች ለሻይ ውሃ የሚያፈላ ማሰሮ ውስጥ መልዕክት አስተላላፊ ገጥሞ በ2001 ለገበያ አቀረበ። አረጋዊው እንደ ልማዳቸው ውሃ አፍልተው ሲቀዱ፣ ዕቃው በሌላ ከተማ ለሚኖር ልጅ መልዕክት ይልካል። ጠዋት ሻይ ካልተቀዳ ልጁ ይደውላል። ካሜራ የለም፤ የሚታሰር ነገርም የለም። በቤቱ ውስጥ የተለወጠ ልማድ የለም።

በተመሳሳይ መንገድ በበር፣ በአልጋ ወይም በማቀዝቀዣ ላይ የሚገጠሙ ትናንሽ ጠቋሚዎች የቤቱን የዕለት እንቅስቃሴ ይከታተላሉ። ከተለመደው የተለየ ነገር ሲኖር ለቤተሰብ ያሳውቃሉ።

ሦስተኛው ዓይነት አወዳደቅን ራሱ የሚለይ ነው። በ2018 የወጣው አራተኛው የአፕል ሰዓት ይህን ችሎታ ብዙኃኑ ዘንድ አድርሶታል። በሰዓቱ ውስጥ ያሉ የፍጥነት ለውጥንና መሽከርከርን የሚለኩ ጥቃቅን መሣሪያዎች ከባድ አወዳደቅ ሲከሰት ይለዩታል። ከዚያ ሰዓቱ ባለቤቱን ደህና መሆናቸውን ይጠይቃል። አንድ ደቂቃ ያህል ካልተንቀሳቀሱ በራሱ ወደ አደጋ ጊዜ አገልግሎት ይደውላል፤ ቀድሞ ለተመዘገቡ የቅርብ ሰዎችም ያሉበትን ቦታ ይልካል።

ከእነዚህ ሁሉ በፊት ግን ባትሪ የማይፈልጉ ነገሮች አሉ። በመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ የተተከለ መያዣ ብረት፣ የማያንሸራትት ምንጣፍ፣ ለቁመት የተስተካከለ ከዘራ፣ ሌሊት በራሱ የሚበራ መብራት ሰው እንዳይወድቅ ያግዛሉ። የጥሪ ቁልፍ የሚያገለግለው ግን ሰው ከወደቀ በኋላ ነው።

እምቢታው ከየት ይመጣል?

አረጋውያን ለአዲስ ቴክኖሎጂ የሚያሳዩት ዳተኝነት ብዙ ጊዜ የሚተረጎመው "አይገባቸውም" ተብሎ ነው። የካምብሪጁ ጥናት የሚያሳየው ሥዕል ግን ከዚህ የተለየ ነው። ተመራማሪዎቹ አረጋውያኑንና ቤተሰቦቻቸውን ሲያነጋግሩ እንቅፋቱ በሦስት ደረጃዎች ላይ እንደሚገኝ ተረድተዋል። አንዳንዶቹ መጀመሪያውኑ መሣሪያው ይጠቅመናል ብለው አላመኑም። ሌሎቹ ከተገጠመላቸው በኋላም ማሰሩን ልማድ አላደረጉትም። ቀሪዎቹ ደግሞ ከወደቁ በኋላ ቁልፉን አልተጫኑም፤ ከእነዚህ የተወሰኑት ሞክረው አልሆነላቸውም፤ የተወሰኑት ግን ላለመጫን ወስነው ነበር።

ይህ ውሳኔ ከውጭ ሲታይ እንግዳ ይመስላል። በአረጋዊው ቦታ ሆኖ ለሚያየው ግን ምክንያት አለው። ቁልፉ ከተጫነ ሰው ይመጣል፤ አምቡላንስ ይጠራል፤ ሆስፒታል መግባት ይኖራል። ከሆስፒታል በኋላ ደግሞ "ከእንግዲህ ብቻቸውን መኖር አይችሉም" የሚል የቤተሰብ ስብሰባ ሊከተል ይችላል። በቤታቸው መቆየት እንዲችሉ የተሰጣቸው መሣሪያ ከቤታቸው የሚያስወጣቸው ማስረጃ እንዳይሆን ይሰጋሉ። ስለዚህ "ትንሽ አርፌ እነሳለሁ" ብለው ይጠብቃሉ።

ልጆችን ላለማስቸገር የሚደረግ ጥንቃቄም አለ። ሌሊት ሥራ ላይ ያለ ወይም ገና ከሥራ የገባ ልጅን መቀስቀስ ብዙ ወላጆች የሚከብዳቸው ነገር ነው። በኢትዮጵያ አረጋውያን ዘንድ "ደህና ነኝ" የሚለው መልስ ሕመም በበረታበት ጊዜም የሚሰጥ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ትንሽ ቁልፍ ስለታሰረለት ብቻ በአንድ ቀን የእርዳታ ጥሪ የሚያሰማ አይሆንም።

ሌላው ምክንያት መልክ ነው። አንገት ላይ የተንጠለጠለ የፕላስቲክ ቁልፍ ለጎብኚ ሁሉ "እኒህ ሰው ደክመዋል" ብሎ ይናገራል። በአንጻሩ የእጅ ሰዓት ማንም የሚያስረው ነገር ነው። የጃፓኑ የውሃ ማሰሮም ከማንኛውም ማሰሮ አይለይም። አረጋውያን ከሌላው ሰው የማይለያቸውን ዕቃ ቢመርጡ የሚያስገርም አይሆንም።

አሜሪካዊው ተመራማሪ ፍሬድ ዴቪስ በ1989 ያቀረበው በሰፊው የሚጠቀስ ንድፈ ሐሳብ ሰዎች አንድን ቴክኖሎጂ ለመቀበል ሁለት ነገሮችን እንደሚመዝኑ ያስረዳል፤ ይጠቅመኛል ወይ? ለአጠቃቀም ቀላል ነው ወይ? ዴቪስ ንድፈ ሐሳቡን የቀረጸው ለቢሮ ሠራተኞች ነው። አረጋውያን ቤት ሲገባ ግን "ይጠቅማል" የሚለው ቃል ለማን የሚል ጥያቄ ያስከትላል። የጥሪ ቁልፉ ብዙ ጊዜ የሚጠቅመው ለልጁ ሰላማዊ እንቅልፍ ነው። ታሳሪው ግን ወላጁ ነው።

በፍላጎት የገባው ቴክኖሎጂ

አረጋውያን አዲስ ነገር አይቀበሉም የሚለውን አስተሳሰብ የሚፈትን ማስረጃ በምሥራቅ አፍሪካ አለ። ኬንያ ውስጥ ሳፋሪኮም በመጋቢት 2007 ኤምፔሳን ሲጀምር፣ አገልግሎቱ ቁልፍ ባለው ተራ ስልክ ይሠራ ነበር። ናይሮቢ የሚሠራ ልጅ በገጠር ላሉ ወላጆቹ ገንዘብ ለመላክ አውቶቡስ ሾፌር መለመን ቀረለት። ወላጆቹም መልዕክቱን ተቀብለው በአቅራቢያቸው ካለ ወኪል ገንዘቡን ማውጣት ለመዱ። ማንም "ለአረጋውያን የተሠራ" ብሎ አላቀረበውም። ጥቅሙ ግን በመጀመሪያው ቀን በእጅ የሚቆጠር ነበር።

በኢትዮጵያም ቴሌብር በ2021፣ ኤምፔሳ ደግሞ በ2023 ሥራ ጀምረዋል። ቴሌብር *127# በመደወል በተራ ስልክም ይሠራል። ለጡረተኛ ወይም ከልጅ ድጎማ ለሚጠብቅ ሰው ባንክ ቤት ተሰልፎ መዋል መቅረቱ የጉልበት ጉዳይ ነው። በቤት ራስን ችሎ መኖር ሲባል በዚህ አካባቢ አንዱ ትርጉሙ ይህ ነው፤ የራስን ገንዘብ በራስ እጅ ይዞ፣ የመብራትና የውሃ ክፍያን ያለ ሰው ልመና መክፈል።

የድምፅ መልዕክትና የቪዲዮ ጥሪም እንዲሁ ነው። ማንበብና መጻፍ ያልተማሩ አያት የድምፅ መልዕክት ተጭነው መላክን የሚማሩት ከልጅ ልጃቸው መልስ ስለሚመጣላቸው ነው። ትምህርቱን የሚያስጨርሰው የልጁ ድምፅ ነው። ይህ ለአካል ደህንነት የታሰበ መሣሪያ ባይሆንም በየማለዳው የሚደረግ ጥሪ የጃፓኑን ማሰሮ ሥራ ይሠራል። ያልተነሳ ስልክ ለቤተሰብ ምልክት ነው።

የመብራት፣ የአድራሻና የሰዓት ጉዳይ

በአውሮፓና በአሜሪካ የተሠራ መሣሪያ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ሲመጣ ቢያንስ ሦስት ነገሮችን ታሳቢ አድርጎ ነው፤ መብራት አይጠፋም፣ ኔትወርክ አይቋረጥም፣ ቤቱ አድራሻ አለው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በሀብታም አገራትም ቢሆን የተረጋገጡ አይደሉም። ብሪታኒያ የድሮውን የመዳብ ስልክ መስመር በኢንተርኔት በሚሠራ መስመር በመተካት ላይ ትገኛለች። የድሮው መስመር የራሱ ኃይል ስለነበረው በቤት ውስጥ መብራት ቢጠፋም ይሠራ ነበር፤ አዲሱ ግን የቤቱን መብራት ይፈልጋል። ከዝውውሩ ጋር በተያያዘ የአረጋውያን የጥሪ መሣሪያዎች ሳይሠሩ ቀርተው ከባድ ጉዳት መድረሱ ከታወቀ በኋላ፣ በታኅሣሥ 2023 መንግሥትና የስልክ ኩባንያዎች ደንበኞችን ያለ ፈቃዳቸው ማዛወርን ለማቆም ተስማሙ። በዓመቱም የዝውውሩ ማብቂያ ወደ ጥር 2027 ተገፋ።

መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ለሚኖር ቤተሰብ ከዚህ የሚወሰድ ትምህርት አለ። አንድ መሣሪያ ከመገዛቱ በፊት መብራት ሲጠፋ ለስንት ሰዓት እንደሚሠራ፣ ኔትወርክ ሲቋረጥም ምን እንደሚሆን መጠየቅ ይገባል። በተራ ስልክ ላይ የሚሠራ አገልግሎት፣ ባትሪው ቀናት የሚቆይ የቁልፍ ስልክና በፀሐይ ኃይል የሚሞላ መብራት ከውድ ሰዓት ይልቅ የሚታመኑበት ቤት ብዙ ነው።

ሦስተኛው፣ አድራሻ ነው። ሰዓቱ በራሱ ለአምቡላንስ ቢደውል እንኳ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ቤት የሚገኘው በመንገድ ስምና በቤት ቁጥር ሳይሆን "ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ" በሚል መግለጫ ነው። በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ የአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ሥጋት አገልግሎት በ939 ይጠራሉ። ሆኖም መንገዱን በስልክ የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋል። ለዚህም ነው በብዙ ሰፈሮች የመጀመሪያው የአደጋ ጊዜ አገልግሎት ጎረቤት የሚሆነው። የጥሪ መልዕክቱ መጀመሪያ የሚደርሰው አጥር ለሚጋሩት ጎረቤት ቢሆን፣ ባሕር ማዶ ላለው ልጅ ከሚደርስ ይልቅ ፈጥኖ በር ያስከፍታል።

የቤቱ አሠራርም ይለያል። በብዙ ግቢዎች መጸዳጃ ቤቱ ከዋናው ቤት ውጭ ነው። አረጋዊው ሌሊት የሚጓዙት በጨለማ፣ በእርጥብ ድንጋይና በደረጃ ላይ ነው። ለዚህ ቤት የሚጠቅመው ቀዳሚው ቴክኖሎጂ እንቅስቃሴ ሲያይ የሚበራ የግቢ መብራትና በመንገዱ ዳር የሚተከል መደገፊያ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉም በላይ የሚዘነጋው ደግሞ ሰዓት ነው። ስልክ የመድኃኒት ሰዓት እንዲያስታውስ ማድረግ ቀላልና ጠቃሚ ዘዴ ነው። ይሁንና የኢትዮጵያ አቆጣጠር ከስልኩ አቆጣጠር በ6 ሰዓት ይለያል። "ጠዋት 2 ሰዓት" የተባለ መድኃኒት በስልኩ ላይ 8:00 ተብሎ መሞላት አለበት። 2:00 ተብሎ ከተሞላ ግን የሚጮኸው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ስልኩን የሚያስተካክለው በውጭ የሚኖር ልጅ ወይም በስልኩ አቆጣጠር ያደገ የልጅ ልጅ ሲሆን እንዲህ ያለው ስህተት በቀላሉ ይፈጠራል። ለደም ግፊትና ለስኳር ሕመም መድኃኒት ይህ ጥቃቅን ጉዳይ አይደለም።

የሚስጥር ቁጥሩን የያዘው ማን ነው?

በገንዘብ ዝውውር የተገኘው ነፃነት በአንድ ቦታ ላይ ይሰናከላል። ዓይናቸው የደከመ አረጋዊ የሚስጥር ቁጥራቸውን ለወኪሉ፣ ለጎረቤት ልጅ ወይም ለቤት ሠራተኛ ይነግራሉ። ከዚያ በኋላ ሒሳቡ በስማቸው ቢሆንም በእጃቸው አይደለም። "ከባንክ ነው የምደውለው" ብለው በስልክ የሚደርስ ቁጥርን የሚጠይቁ አጭበርባሪዎችም የሚያነጣጥሩት በእንዲህ ያሉ ሰዎች ላይ ነው።

የአካል ለውጥም የራሱ ድርሻ አለው። በዕድሜና በእርሻ ሥራ የሻከረ ጣት አሻራው ስለሚደበዝዝ የአሻራ መለያ መሣሪያ ላያውቀው ይችላል። ደረቅ ጣትን የስልክ መስታወት አንዳንዴ አይሰማውም። አረጋዊው ደጋግመው ነክተው እምቢ ሲላቸው ጥፋቱ የእሳቸው ይመስላቸዋል። የፊደሉን መጠን ማሳደግ፣ የማያስፈልጉ ምስሎችን ከስልኩ ገጽ ማንሳትና አራት አምስት የቅርብ ሰዎችን በፎቶ ማስቀመጥ በግማሽ ሰዓት የሚያልቅ ሥራ ሆኖ ሳለ ለወራት ሳይሠራ ይቀራል።

በባሕር ማዶ፦ ቁልፉን ሲጫኑ የሚመልሰው ቋንቋ

ወደ አሜሪካ፣ ወደ አውሮፓ ወይም ወደ እስራኤል የሄዱ አማርኛ ተናጋሪ አረጋውያን መሣሪያውን የማግኘት ዕድላቸው የተሻለ ነው። በእስራኤል ብሔራዊ የመድን ተቋም የሚሰጠው የረጅም ጊዜ እንክብካቤ ድጋፍ የአደጋ ጥሪ ቁልፍን ሊያካትት ይችላል። በአሜሪካ በብዙ ግዛቶች ለዝቅተኛ ገቢ የሚሰጠው ሜዲኬይድ በቤት እንክብካቤ ፕሮግራሞቹ በኩል ወጪውን ይሸፍናል። ለአረጋውያን የሚሰጠው መደበኛው ሜዲኬር ግን በአብዛኛው አይሸፍነውም። ዝርዝሩ ከግዛት ግዛት ስለሚለያይ ቤተሰብ በሚኖርበት ግዛት መጠየቅ ይኖርበታል።

ችግሩ የሚመጣው ቁልፉ ከተጫነ በኋላ ነው። በድምፅ ማጉያው የሚመጣው ጥያቄ በእንግሊዝኛ ወይም በዕብራይስጥ ነው። በሕመምና በድንጋጤ ላይ ያለ ሰው ቀርቶ ጤነኛም በማያውቀው ቋንቋ መመለስ ይቸገራል። አስተርጓሚ በስልክ የሚያስገቡ ማዕከላት አሉ፤ ነገር ግን በመዝገባቸው ላይ "ቋንቋ፦ አማርኛ" ተብሎ ቀድሞ ካልተጻፈ ደቂቃዎች ይባክናሉ። መሣሪያው በሚገጠምበት ዕለት ይህን ማስመዝገብ ከመሣሪያው ዓይነት እኩል አስፈላጊ ነው።

በድምፅ የሚታዘዙ የቤት መሣሪያዎችም አማርኛ ተናጋሪ አረጋውያንን አላስታወሱም። የአማዞን አሌክሳና የአፕል ሲሪ ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች መካከል አማርኛ የለም። ጉግል በ2017 አማርኛን በድምፅ ለመጻፍ ከሚያገለግሉ ቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ ማስገባቱ አንድ እርምጃ ነበር። በድምፅ መናገር ለደከመ ዓይንና ለሚንቀጠቀጥ እጅ እፎይታ የሚሰጥ መንገድ ሆኖ ሳለ፣ ይበልጥ የሚፈልጉት ሰዎች ቋንቋ ወደ ኋላ መቅረቱ የገበያ ስሌት ውጤት ነው።

ከባሕር ማዶ ወደ አገር ቤት የሚላከው ደግሞ ካሜራ ነው። በውጭ የሚኖሩ ልጆች ወላጆቻቸውን ለማየት፣ ሠራተኛ በአግባቡ መያዟንም ለማረጋገጥ በሳሎን ካሜራ ያስገጥማሉ። ፍቅርና ስጋት ያመጡት ሐሳብ እንደሆነ አያጠራጥርም። ሆኖም ቀኑን ሙሉ የሚታዩት ወላጅ ስለመስማማታቸው የሚጠየቁት ከስንት አንዴ ነው። ካሜራው ወዴት እንደሚያይ፣ ማን እንደሚመለከተው፣ ሲፈልጉ እንዴት እንደሚያጠፉት ያልተነገራቸው እናት በቤታቸው እንግዳ ይሆናሉ። የአልጋና የመታጠቢያ ክፍል ከካሜራ ነፃ መሆን እንዳለበት ሁሉም ሊስማማበት ይገባል፤ ሳሎኑ ውስጥ የምትሠራው ሠራተኛም ልታውቅ ይገባል።

ከመግዛት በፊት የሚቀድም ንግግር

በዚህ መስክ የተከማቸው ልምድ ወደ አንድ ሐሳብ ያመራል። አረጋውያን የሚጠቀሙበት መሣሪያ እነሱ በመምረጡ የተሳተፉበትና ለራሳቸው ፍላጎት መልስ የሚሰጥ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ "የትኛው ይሻላል?" ከመሆን ይልቅ "በዚህ ቤት ውስጥ የሚያስቸግርዎት ምንድን ነው?" ቢሆን መልሱ ያልተጠበቀ ሊሆን ይችላል። ልጅ መውደቅን ይፈራል፤ እናት ግን የምትጨነቀው የበሩን መንኳኳት ባለመስማቷ ወይም የእድር ክፍያ ቀን ስለሚያልፋት ሊሆን ይችላል። ከዚያ መጀመር ለሌላው በር ይከፍታል።

ሁለተኛው፣ ቁልፉ ሲጫን ምን እንደሚከተል በግልጽ መነጋገር ነው። "ቢጫኑት ከቤትዎ አናስወጣዎትም" የሚል ቃል የሚሰጥ ቤተሰብ ከወላጁ ትልቁን ፍርሃት ያነሳል። ቃሉ የሚጠበቅ መሆን አለበት። በሐሰት የተጫነ ጥሪ ቁጣ ካስከተለም ቀጣዩ እውነተኛ ጥሪ ላይመጣ ይችላል።

ሦስተኛው ልምምድ ነው። መሣሪያውን በወር አንድ ጊዜ ወለል ላይ ተቀምጦ፣ በግራም በቀኝም እጅ መሞከር፣ ጎረቤቱም ጥሪው ሲደርሰው ምን እንደሚያደርግ ማየት ያስፈልጋል። ብዙ አወዳደቅ የሚደርሰው በመታጠቢያ ቤትና በሌሊት ነው። ቁልፉ ሲታጠቡ የሚወልቅና ሲተኙ ራቅ ብሎ የሚቀመጥ ከሆነ ግማሽ ጥቅሙ ጠፍቷል። ለዚህም ነው ውሃ የማይገባውን መምረጥ የሚመከረው።

የሚቀረው የመንግሥታት ድርሻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ2022 ባወጡት የጋራ ሪፖርት ከ2.5 ቢሊዮን በላይ ሰዎች እንደ መነጽር፣ የመስሚያ መሣሪያ፣ ተሽከርካሪ ወንበርና አስታዋሽ መተግበሪያ ያሉ አጋዥ ምርቶች ያስፈልጓቸዋል። አንድ ቢሊዮን ያህሉ ግን አያገኟቸውም። በአንዳንድ ድሃ አገራት የሚፈልጉትን የሚያገኙት 3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ በሀብታም አገራት ይህ እስከ 90 በመቶ ይደርሳል። ከቀረጥ ነፃ የሚገባ የመስሚያ መሣሪያ፣ በጤና ጣቢያ የሚሰጥ መነጽር፣ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የሚታይ የግቢ መንገድ ከዘመናዊ ሰዓት ይልቅ ብዙ ሰው ጋር ይደርሳሉ።

እስከዚያው ድረስ አንድ ቤተሰብ ዛሬ ማታ ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ። የወላጁን ስልክ ተቀብሎ ፊደሉን ማሳደግ፣ የመድኃኒቱን ሰዓት በትክክል መሙላት፣ የጎረቤቱን ቁጥር በመጀመሪያው ቦታ ማስቀመጥ፣ ከዚያም ስልኩን ለባለቤቱ መልሶ እሳቸው ራሳቸው ሲደውሉ ማየት።